ያለ ቤንዚን እስከ ሳሪስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሞተሩ ዞረ። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፤ እንደ ንብ እያጉረመረመ ዞረ። ትንሿን ሰይቼንቶ መኪናዬን ከድንጋይ ላይ አውርጄ ከጋራዤ በር እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነዳኋት። የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። ከኋላ ወንበሩ ቦታ የጭነት መኪና ባትሪዎች ተደርድረዋል። ሞተሩ በአንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲገፋ ከኖረ የኤሌክትሪክ ጋሪ የወጣ ነው። ሰዎቹ ቁርጥራጭ ብረት ብለው ነው የሸጡልኝ።

ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ ዘነበ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣ።

“ጋሽ ተክሌ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ፍሪጅ? ድምፅ የላትም እኮ!”

“ፍሪጅ ሳሪስ አይደርስም” አልኩት።

“እሷስ መድረሷን ማን አየ?”

አፉ አያርፍም። ይስቅ። ሳሪስ ሚስቴ አስካለ አለች።

ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ጭቃ አንሸራቷት ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ልጃችን አልማዝ ዘንድ ናት። ከሆስፒታል ስትወጣ የአልማዝ ባል ግርማ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ወሰዳት። ዝም አልኩ፤ በሽተኛ ናት። ከዳነች በኋላ “በዚሁ መኪና ልመልስልዎት” ሲል ግን እምቢ አልኩ። የመሥሪያ ቤት ቤንዚን ለሚስቴ ዳሌ አልተመደበም። ሰው ለቤንዚን ኩፖን ተሰልፎ ይውላል፤ የእኔ ሚስት በሕዝብ ቤንዚን ትንሸራሸራለች? “በራሴ መኪና መጥቼ እወስዳታለሁ፣ እስከዚያ ደጃችሁን አልረግጥም” ብያለሁ። ቃሌ ነው።

ለመኪናዬ ኩፖን ስጠይቅ፣ ለጡረተኛ መኪና ቅንጦት ነው ተባልኩ። አውቶቡስ ደግሞ ለአስካለ አይሆንም። ደረጃው ለጤነኛም ከፍ ያለ ነው፤ ግፊያው ሌላ።

ስለዚህ መብራት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሒሳብ ስሠራ ዋልኩ። ዘነበ “መብራትስ በነጻ ነው እንዴ?” ስላለኝ ነው። አይደለም። ግን ለአንድ ሊትር ቤንዚን በሚከፈለው ገንዘብ ባትሪዎቹን ሁሉ ሞልቼ ለጓዳው አምፑል ይተርፈኛል።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ አንብቤ ነው። ቤንዚን ከሚሰጠው ኃይል አብዛኛው መኪናውን አይነዳም። ውኃ ያሞቃል፣ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቤንዚን መኪና መንገድ ተዘግቶባት ስትቆምም ትበላለች፤ የእኔዋ ስትቆም ምንም አትበላም። ዘይት አትቀይርም። ካንዴላ የላትም።

ራሴን ማታለል ግን አልወድም። ባትሪ እንደ ሳሙና ነው፤ በተጠቀሙበት ቁጥር ያልቃል። ቤንዚን ሲቀዳ ስለሚታይ ሰው ይቆጥረዋል፤ የባትሪ እርጅና አይታይም። እሱን ከጨመርኩ ልዩነቱ ይጠባል። ቢጠብም አለ።

ማታ ቆጣሪው ሲዞር ቆሜ አየሁት። አስካለ ብትኖር “አጥፋው፣ ይቆጥራል!” ትል ነበር። እኔ ከገባሁበት ክፍል ሁሉ ከኋላዬ እየተከተለች አምፑል ስታጠፋ ነው የኖረችው። ጨለማ ውስጥ እየተውሽኝ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። አሁን ሦስቱም አምፑሎች እንደበሩ ያመሻሉ፤ የሚናገረኝ የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዳገት ሞከርኩ። ከድልድዩ ወደ ጊዮርጊስ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ ከግማሽ በኋላ ደከመች። የአትክልት ተራ ተሸካሚ ጎመን እንደተሸከመ አልፎኝ ሄደ። “አባባ፣ ልግፋልዎት?” አለኝ። ግን ወጣች። ባትሪዎቹ የሦስት ሰው ያህል ይከብዳሉ፤ ስመለስ ደግሞ አስካለ ትጨመራለች። አስካለ ከብዳ አታውቅም።

ከጊዮርጊስ በኋላ ወደ ሳሪስ ቁልቁለት ነው፤ ችግር የለም። ሲመለሱ ነው ነገሩ። ሳሪስ አድሬ ባትሪ ካልሞላሁ መንገድ ላይ እንቀራለን።

ከሰዓት በኋላ አልማዝ መጣች። ግርማ “ባትሪውን ከቤታችን ቆጣሪ ይሙሉ” ማለቱን ነገረችኝ።

“ቆጣሪው የመንግሥት ነው የራሱ?”

“አባዬ ደግሞ! የራሳችን ነው። ከደመወዙ ነው የሚከፍለው።”

“የሞላሁትን እከፍላለሁ።”

“እሺ ይክፈሉ።” ቀጥላም “እማዬ ግን መኪናዋን አይደለም የምትጠይቀው” አለች።

“ምንድን ነው የምትጠይቀው?”

“ምሳ ማን እንደሚያቀርብልዎት።”

ራሴ ነው አልኳት። ውሸት ነው። የዘነበ ሚስት ናት የምታቀርብልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ሥራ አልሠራሁም፤ ቤት ማጽዳት ሥራ ካልተባለ በስተቀር። አንሶላ ቀየርኩ። አልጋው ላይ የእሷን ወገን እስከ ዛሬ አልተኛሁበትም፤ ትራሷ እንደተወችው ነው።

ምሳ ሲደርስ ከቤት ሆና ድስት በማንኪያ ትመታ ነበር፤ ጋራዥ ድረስ ይሰማኛል። ሠፈራችን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ስንት ድስት ይመታል፣ የእሷን ግን ለይቼ አውቃለሁ። ዛሬ አንድ ቤት ድስት ሲመታ ብድግ አልኩ። መልሼ ተቀመጥኩ።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ባትሪው ሙሉ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አልደረስኩም።

ያደረግሁትን እንዳለ ልጻፈው። ጠዋት ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት በደንብ ወጣሁ፤ ሰው ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት የቸርችል ቁልቁለት ተጀመረ። ደስ ብሎኝ ነበር። እግሬ በቤንዚኑ ፈንታ ያደረግሁትን የመብራት መርገጫ እንደረገጠ፣ እጄ ሄዶ ማርሹን አወጣው።

ቁልቁለት ሲመጣ ማርሽ ማውጣት የዚህ ከተማ ሹፌር ሁሉ ልማድ ነው፤ ጠብታ ቤንዚን ለማትረፍ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግሁት ነው። ቤንዚን በሌላት መኪና ቤንዚን ላተርፍ እጄ ሄደ።

እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ሸክም ካጣ የሚገታው የለም። እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ ራሱን ይበትናል። አላውቅም ብዬ አላመካኝም፤ አውቃለሁ፤ መጽሐፍ ላይ አስምሬበታለሁ። መጀመሪያ ጮኸ። እግሬን ሳነሳ ጊዜው አልፎ ነበር። አንድ ጊዜ ጓ አለና የመዳብ ሽቦ እንደ አንጀት ተዘርግፎ አስፋልት ላይ ተጎተተ።

የእጅ ፍሬን ይዤ ከዳር አቆምኳት። ወንበሩ ላይ የአስካለ ጋቢ ተጣጥፎ ነበር፤ እንዳይበርዳት ያመጣሁት። እሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ።

የአትክልት ተራ ልጆች ገፍተው ወደ ሠፈር መለሱልኝ። ዳቦና ሻይ ጋበዝኳቸው። ዘነበ ከሩቅ አይቶ “ጋሽ ተክሌ፣ በመጨረሻ በቁርስ የምትሄድ መኪና አገኙ!” አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። መጥቶ አብሯቸው ገፋ።

መብራት በቤንዚን አልተሸነፈም። የእጄ ጥፋት የመብራት ዋጋ ውስጥ አይገባም። ይህን ለማንም እከራከራለሁ። ዛሬ ግን የሚከራከረኝ አልመጣም።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ሌላ ሞተር የት ይገኛል? እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው። ዓመት! ጠዋት ይህን ሳስብ ቆየሁና ኮቴን ለብሼ በአውቶቡስ ሳሪስ ሄድኩ። ቃሌን አልረሳሁም። ያለ መኪና ደጃቸውን ረገጥኩ፤ አለቀ።

ግርማ በሩን ከፈተ። “አባባ፣ ይግቡ” ብቻ አለ። መኪናዋ የት አለች አላለኝም። ይህን ለእሱ እጽፍለታለሁ።

አስካለ ጓሮ ናት አሉኝ። ዞሬ ስሄድ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ከግንቡ አጠገብ የለስላሳ ሣጥን ተደፍቷል፤ በላዩ ሌላ ሣጥን። በአንድ እጇ ግንቡን ይዛ፣ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ ትወጣለች። ታርፋለች። ትወርዳለች። እንደገና ትወጣለች። ከንፈሯን ነክሳለች።

“ምን እያደረግሽ ነው?” አልኩ።

ሳትዞር መለሰች። “የአውቶቡስ ደረጃ ይህን ያህላል። ግርማ በክንዱ ለክቶ አምጥቶልኛል።”

“ማን አውቶቡስ ውጪ አለሽ?”

“ታዲያ በምን ልምጣ? አንተ እንደሆንክ ያለ መኪና ላትመጣ ምለሃል። በልጄ ባል መኪና ብመጣ ስትጨቃጨቅ ልትኖር ነው። አንዳችን መላ መፈለግ አለብን።”

ሞተሩ ተበተነ አልኳት። እንዴት እንደተበተነ ስነግራት ዞረች። “አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?” አለች አስቀድማ። ቀጥላ ግን እስክታነባ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

መውጣቱን ችላዋለች። መውረዱ ነው ያስቸገራት።

እዚሁ አደርኩ። ነገ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ግፊያ ካለፈ በኋላ፣ እንሞክራለን።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

በሦስተኛ ሙከራዋ ወጣች። ቲኬት ቆራጩ ሊጮህ አፉን ሲከፍት አስካለ “ልጄ፣ እየወጣሁ ነው፤ አንተም አንድ ቀን በምርኩዝ ትወጣታለህ” አለችው። ሰው ሳቀ፤ አንዲት ተማሪ ቦታዋን ለቀቀችላት። እኔ ምርኩዟን ይዤ ቆምኩ።

ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ልንወርድ ነበር። ከበሩ ቆማ ወደ ታች አየችና እጄን ጨመቀችው። ከኋላ “ውረዱ እንጂ፣ ምን ይጠበቃል!” ይላሉ። “አልችልም ተክሌ” አለች። ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። መልሰን ተቀመጥንና እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ጊዮርጊስ ሄድን። አውቶቡሱ ባዶ ሲሆን መሰላል እንደሚወርድ ሰው ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራ፣ እኔ ከታች ወገቧን ይዤ፣ ወረደች። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀን።

ከጊዮርጊስ እስከ ቤት ድረስ በየግንቡ እያረፍን መጣን። የተከፋ ፊት አላሳየችኝም፤ ዳሌዋ ግን እንደጠዘጠዛት አውቃለሁ። ሌሊቱ እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

በጋራዡ ስናልፍ ቆማ መኪናዋን አየቻት። ሽቦው እንደተንዘረፈፈ ነው።

“እስከ መቼ ትቆማለች?”

“ሞተር እስካገኝ።”

“እንግዲህ እስከዚያ የትም አልሄድም” ብላ ወደ ቤት ገባች።

ነገ ሞተር ፍለጋ ልወጣ አስቤ ነበር። ከነገ ወዲያ ይሁን።