ሻሽን የቡላ እህት ያደረጉት ዶክተር ነገሪ ባጫ (1951–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ዲንቄ ሁንዴ የበኩር ልጃቸውን ነገሪን በኅዳር 1951 ዓ.ም. ጊንጪ ሲገላገሉ አባትየው አቶ ባጫ ጉተማ ገበያ ነበሩ። ሲመለሱ ሕፃኑ እሳቸውን መምሰሉን አይተው ደስ አላቸው ይባላል። ማን ማንን ይመስላል፣ ማን የማን ነው የሚለው ነገር ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዶክተሩ ጋር ኖሯል።

አዲስ አበባ፣ ጌጃ ሰፈር አጎታቸው ቤት ተቀምጠው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። በ1974 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1986 ዓ.ም. ከውጭ አገር በእንስሳት ማኅበራዊ ጠባይ ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ወይንሀረግ በቀለን በልደታ ማርያም በተክሊል አግብተው ገመቺስንና ኢያኤልን ወለዱ። ሃያ አምስት ዓመት አስተምረዋል። ጎበዝ መምህር ነበሩ፤ ይህን የሚክድ የለም። ተማሪ ሲሳሳት ስህተቱን በክፍሉ ፊት ሦስት ጊዜ ያነቡበት ነበር። የራሳቸውን አንድ ጊዜም አላነበቡም፤ ስለዚህ ዛሬ ይነበባል።

በቤታቸው ልብስ የምታጥብ ታየች የምትባል ሴት ነበረች። በ1999 ስታርፍ ልጇ እድላዊት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ዶክተሩም እዚያው እንድትቀመጥ ፈቀዱ። ትምህርቷ ከዘጠነኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን ትምህርት የዶክተሩን የመጻሕፍት መደርደሪያ ስትወለውል፣ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታች ራሷን አስተማረች። ከ2003 ጀምሮ ለአምስት ዓመት፣ ለዶክተሩ ጥናት ደብተር ይዛ የጌጃ ሰፈርን ውሾች ከሥጋ ቤቱ ጓሮ እስከ ጋራዡ የተከተለችው እሷ ናት። ሰፈርተኛው «የውሻ ጸሐፊ» ይላት ነበር። ዶክተሩ ጭቃ አይወዱም።

ሻሽ የምትባል ግንባረ ነጭ ውሻ ነበረች። ቡላ የምትባል ሌላ ውሻ ስትወልድ፣ ሻሽ የበላችውን ተሸክማ መጥታ ለቡላ ቡችሎች ታስመልስላቸው ነበር። ሻሽ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተባራ የመጣች ባዳ መሆኗን እድላዊት ከነቀኑ መዝግባለች። ዶክተሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «እህቷ ትሆናለች» ብለው ጻፉ። ሳያዩ። እህት ካልሆነች የመጽሐፉ ሐሳብ ይፈርሳላ! በ2010 የታተመው መጽሐፋቸው፣ እንስሳም ሆነ ሰው ለሥጋ ዘመዱ ካልሆነ ወይም ጥቅም ካላየ አይለፋም ይላልና። በመግቢያው ላይ ማተሚያ ቤቱን፣ ሾፌራቸውንና ስድስት ውሾችን በየስማቸው አመስግነዋል። እድላዊት የለችበትም።

በግንቦት 2014 ስትሮክ መታቸው፤ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ወይዘሮ ወይንሀረግ ራሳቸው የወገብ ሕመምተኛ ናቸው። ልጆቹ ከውጭ በስልክ እየታዩ «አይዞህ አባዬ» ይላሉ። የሥጋ ዘመዶቻቸው መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየበዓሉ መጡ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያጎረሰች፣ ያጠበች፣ ያገላበጠች እድላዊት ናት።

አንድ ቀን ምሳ ስታበላቸው፣ «ጋሼ፣ እኔ ምንዎ ነኝ?» አለቻቸው።

«አንድ ጥቅም ይኖርሻል» አሏት።

«ይፈልጉታ።»

ሳምንት ሙሉ አሰቡ። በስምንተኛው ቀን ምሳ ላይ «አላገኘሁትም» አሉ።

«እንግዲያው ሻሽ እህት አልነበረችም ብለው ያርሙ።»

«መጽሐፉ እኮ አንዴ ታትሟል።»

«የሕይወት ታሪክዎም ይታተማል፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምሳቸውን ግን አልመለሱም።

ስለ ሥራቸው ከእሷ በላይ የሚያውቅ ዘመድ ስለጠፋ፣ ወይዘሮ ወይንሀረግ «ጻፊው፣ ብቻ ሰው ፊት ነው የሚነበበው» ብለው ባዶ ደብተር ሰጧት። ሰው ፊት ስለሚነበብ ነው እንዲህ የተጻፈው።

ዶክተር ነገሪ እርማቱን ሳይጽፉ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል። ሻሽ የቡላ እህት አልነበረችም። እድላዊት ታየችም ከሟች ጋር የሥጋ ዝምድና የላትም፤ ጥቅሟም እስካሁን አልተገኘም። ስሟ ግን ታትሟል።

ሰው ሲቀበል ዘሩን የማይጠይቅ አምላክ የዶክተር ነገሪን ነፍስ ይቀበል።