መቶ ሰማንያ ስምንት ስለሚለው መኪናዎ

አሰላ፣ ግንቦት 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ሣህሌ፣ የደጋ እርሻ መሣሪያዎች ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎስ እንዴት ነው? የተሰበረው መነጽርዎ በአዲስ መተካቱን፣ የተጎዳው አንገትዎም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደልብ መዞር መጀመሩን ከሩቅ አይቼ ደስ ብሎኛል። በአጠገብዎ ሳልፍ ግን ወደ እኔ በኩል አልዞር ብሎ ስላየሁት፣ ፈጣሪ እሱንም ጨርሶ እንዲምርልዎ እመኛለሁ። እኔ፣ የሾፌርዎ የከበበው ባለቤት መምህርት ወርቅቱ፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ከድፍረት አይደለም። አሽጌ የላክኋቸው ማመልከቻዎች ሳይከፈቱ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ስላየሁ፣ የመክፈቱን ድካም ልቀንስልዎ ብዬ ነው። አንዱን ቅጂ በቀበሌያችን ሰሌዳ ላይ ከስኳር ወረፋው ማስታወቂያ ጎን ለጥፌዋለሁ። መፍራት እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱን ፈልጌ አጣሁት።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ መኪና ምስጋና አለኝ። ከበበው ለዓመታት የነዳው አሮጌው ላንድሮቨር የፍጥነት መለኪያው ባለ ቀስት ነበር፤ ቀስቷ እየተንቀጠቀጠች ትወጣለች፣ እየተንቀጠቀጠች ትወርዳለች። እርስዎ ይህን ኋላ ቀር ነው ብለው፣ በቀስት ፈንታ አረንጓዴ ቁጥር የሚያበራ መኪና ባስመጡ ጊዜ ሠራተኛውና ቤተሰቡ በተራ እየገባ እንዲያይ ፈቅደው ነበርና እኔም አይቻለሁ። በእውነት ያምር ነበር። ከበበው ግን የዚያኑ ዕለት ማታ እንዲህ አለኝ፦ «ጠዋት ቁልፉን ስታዞሪው መጀመሪያ መቶ ሰማንያ ስምንት ይላል፤ ከዚያ ያፍርና ዜሮ ይላል።» ቁጥሩን የሚሠሩት ትናንሽ መብራቶች ደህና መሆናቸውን ለማሳየት አንድ ጊዜ ሁሉም አብረው እንደሚበሩ፣ ሁሉም ሲበሩ ደግሞ ያንን ቁጥር እንደሚሠሩ አስረዳኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ሳቅ አሁን ሳስበው በሌላ ሰው ቤት የተሳቀ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ ከሁሩታ ስብሰባ ሲመለሱ ስለደረሰው አደጋ። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ጭቃው መኪናውን አንሸራተተና ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጨው። እርስዎ በሰጡት ቃል ከበበው ከመጠን በላይ ይበር እንደነበር መስክረዋል፤ በዚያው ቃልዎ ደግሞ እስከ ግጭቱ ድረስ እንቅልፍ ወስዶዎት እንደነበር ተናግረዋል። የገብስ ጆንያ እንኳ ካልታሰረ በማይረጋበት በዚያ መንገድ፣ ኋላ እንደተወሰነው በመቶ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተጓዙ መተኛት መቻልዎን ሳደንቅ እኖራለሁ። ከዚህ እንቅልፍ ጥቂት ቢያካፍሉኝ ውለታዎን አልረሳም፤ እኔ ባልተነቃነቀ አልጋ ላይ አጥቼዋለሁና።

ሦስተኛ፣ ስለ አጣሪ ኮሚቴው ትጋት። ኮሚቴው የተጋጨውን መኪና አስጎትቶ ግቢዎ ውስጥ ካቆመ በኋላ፣ ባትሪውን አስገጥሞ ቁልፉን ቢያዞር መቶ ሰማንያ ስምንት ብሎ በራ፤ ውስጡ ተጎድቶ ነበርና ወደ ዜሮ ሳይመለስ እዚያው ቀረ። ኮሚቴውም ይህ መኪናው ሲጋጭ የነበረው ፍጥነት ነው ብሎ ወሰነ። የመንግሥትን ንብረት ሆን ብሎ ለማውደም ካልሆነ በቀር በዚህ ፍጥነት የሚነዳ የለም ስለተባለ፣ የጭቃው አደጋ የኢኮኖሚ አሻጥር ሆነ፤ ከበበውም ወህኒ ወረደ። ከተፈረደበት ስንት ዓመት እንደሚሆን ነግረውኛል። ቁጥር ስለሰለቸኝ እዚህ አልጽፈውም።

አራተኛ፣ ስለ ባለጋሪው ስለ ሁሴኖ። ከተጨማደደው መኪና ውስጥ ስቦ አውጥቶ በጋሪው ጤና ጣቢያ ያደረሰዎት እሱ ነው። ለኮሚቴው በኦሮምኛ ሲያስረዳ፣ መኪናው ጋሪውን ቀስ ብሎ እንዳለፈው፣ ፈረሱ ጆሮውን እንኳ እንዳላቆመ፣ ከግጭቱም በኋላ እርስዎ መነጽርዎን ፈልገው ሳያገኙ ጋሪው እንደደረሰ ረዘም አድርጎ ተናገረ። አስተርጓሚው ስለ ፈረሱ ነው የሚያወራው ብሎ አሳጠረው፤ ሰብሳቢውም ፈረስ የፍጥነት መለኪያ አይደለም ብለው አሰናበቱት። ትክክል ናቸው፣ ፈረስ ቁጥር አያበራም።

አምስተኛ፣ ስለዚያች ኋላ ቀር ቀስት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ላንድሮቨሩ ከአቦምሳ ሲመለስ ከድልድይ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ቀስቷ በግጭቱ ኃይል አርባ ላይ ተቀርቅራ ቀረች። ፖሊሱ አጎንብሶ አያት፣ አርባ ብሎ ጻፈ፣ ከበበውም የዚያን ዕለት ራቱን ቤቱ በላ። አሮጌዋ ያየችውን ተናግራ ሞተች፤ አዲሱ ግን ከሞተ በኋላ ተነሥቶ ያላየውን መሰከረ። ለዚህ እድገት ያለኝ ምስጋና የላቀ ነው።

ስድስተኛ ብዬ ያሰብኩት ነገር ነበር፤ ጠፋኝ። ሰሞኑን እንዲህ ያደርገኛል። መጀመሪያ አለቅስ ነበር፣ ቀጥሎ እናደድ ነበር፤ አሁን ሁለቱም የሉም፤ ደንዝዣለሁ። ምሳውን እቋጥራለሁ፣ ወህኒ ቤቱ በር ላይ አስረክባለሁ፣ የትናንቱን ባዶ ሳህን ተቀብዬ ክፍል እገባና ለልጆቹ ማባዛት አስተምራለሁ። መልሱ መቶ ሰማንያ ስምንት የሚመጣ ሒሳብ ሲያጋጥመኝ ዘልዬው አልፋለሁ። ባለቤቴን እፈልገዋለሁ። ይህን የምልበት የበለጠ አክብሮት ያለው አጻጻፍ ፈልጌ አላገኘሁም።

ልመናዬ አንድ ነው። በተሰበረው ምትክ የመጣልዎ መኪና የዚያኛው መንትያ ነው አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት ኮሚቴው አጠገቡ ቆሞ ቁልፉን አንድ ጊዜ አስዙሮ ይመልከት። ነዳጅ እንኳ አይፈጅም።

ሥራዎ እንዲቃና፣ እንቅልፍዎም በማናቸውም ጎርበጥባጣ መንገድ እንዳይቋረጥ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። በደብዳቤ መጨረሻ ኢትዮጵያ ትቅደም ማለት ደንብ ነውና እኔም ትቅደም እላለሁ። ባለቤቴ የታሰረው ቀድሟት ይሆን እንዴ ብዬ መጠርጠሬ ግን አልቀረም።

መነጽርዎ በተሰበረ ቀን ከበበው ስለረገጠልዎ ፍሬን ሁልጊዜ የምታስታውስዎ፣
ወርቅቱ ጉርሙ

ግልባጭ፦
ለአጣሪ ኮሚቴው
ለሁሴኖ
ለፈረሱ

ሳልረሳው፦ ትናንት ጠዋት ማመልከቻ ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ላይ ስጠብቅዎ፣ አዲሱ ሾፌርዎ አሰግድ እርስዎን ከኋላ አስቀምጦ ቁልፉን አዞረ። በመስኮቱ በኩል ቁጥሩን አየሁት፤ እርስዎም አዩት፤ ከዚያ ዓይን ለዓይን ተጋጨንና አንገትዎ ዞረ። በከተማ መካከል፣ በመሥሪያ ቤት በር ላይ፣ በመቶ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስለተገኙ የዜግነት ግዴታዬን ለመወጣት ለትራፊክ ፖሊስ አመልክቻለሁ፤ የቆጠርኩትም ምስክር እርስዎን ነው። ተረኛው ፖሊስ፣ መኪናው ቆሞ አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ኮሚቴው ያነበበውም ቆሞ ነበር አልኩት።