የአዴ ዲንቄ ኖራ

ግንቦት 9፣ ጠዋት
ዛሬም የዩሪያ ማዳበሪያ እደላ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ተብዬ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ የተጠራው ተሸክሞ ይሄዳል። ኮታው ካላለቀ ወረዳ ይቆጣል። ለአፈሩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። በየዓመቱ ዩሪያ ብቻ፣ በየዓመቱ አፈሩ ይበልጥ ይኮመጥጣል፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው? ሌላ ዩሪያ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

አንድ ደስታ፦ የአዴ ዲንቄ ኖራ ከእንጭኒ መጥቶ መጋዘን ገባ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እርሻውን ብቻቸውን ነው የያዙት። ሁለት ክረምት ለምኜ ነው እሺ ያሉኝ። ኖራው ኮምጣጣነቱን እንዲያበርድ ከዘር በፊት ከአፈሩ ይቀላቀላል፣ ፍግ ይጨመራል፣ ዩሪያው ይቀነሳል። ከአምቦው ሥልጠና ስመለስ አብረን እንበትናለን።

ግንቦት 14፣ አምቦ
ሥልጠና። ርዕሱ የአፈር ጤና። የወረዳው ኃላፊዬ ምሳ ላይ ብቻ ታየ። ደብተሬ፣ ልስቅ ወይስ ልሳደብ?

ግንቦት 17፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቀበሌው ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዞን እንግዳ ይመጣል ተብሎ የጽ/ቤቱ ግድግዳ፣ የት/ቤቱ አጥር፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ፣ ዛፉ ሳይቀር ተቀብቷል። የተረፈው ግቢው ጭቃ ላይ ተነስንሷል። በአዴ ዲንቄ ኖራ!

የቀበሌውን ሊቀመንበር ጠየቅሁት። ኖራ ያው ኖራ ነው አለ። ሐምሌ ላይ ይተካል አለ። ዘሩ ሰኔ ነው እኮ። ደግሞ የእርሻ ኖራ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳ ላይ አይይዝም። ደደብ። አዎ፣ ጻፍኩት።

ግንቦት 18
ዘነበ። ግድግዳው ታጠበ። ነጩ ውሃ ቦዩን ሞልቶ ወረደ።

አዴ ዲንቄ አህዮቻቸውን ነድተው መጡ። ነገርኳቸው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በቃ ዩሪያዬን ስጪኝ፣ እጥፍ አድርጊው፣ የናንተ ነገር እንዲህ ነው አሉ። "የናንተ።" እኔንም ከነሱ ደመሩኝ። እጥፉን ከሰጠሁ ያ ማሳ አለቀለት። ካልሰጠሁ ነጋዴ ይሸጥላቸዋል።

ግንቦት 20፣ ማለዳ
እንግዶቹ ዛሬ ናቸው። ግድግዳው እንደገና እየተቀባ ነው፤ በምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሊቀመንበሩ ንግግር እንዳላበዛ መክሮኛል። አላበዛም። እንግዶቹ ፊት አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፦ የአዴ ዲንቄ ኖራ ከዘር በፊት በየትኛው ቀን ይተካል? ከሥራ ቢያባርረኝ ያባርረኝ።

አዴ ዲንቄን ዩሪያውን ሳይወስዱ እስከ ማታ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ይኸው መጥተዋል፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መኪናው ገባ። ሊቀመንበሩ በእጁ ቆይ እያለኝ ነው። አልቆይም፣ ደብተሬን ዘግቼ ቀድሜው እነሳለሁ።