በማርያም ቀን ያጠብሁት ጋዋን

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ከሆስፒታል ልምምድ ስመለስ ሻንጣዬ ከግቢው በር ውጭ ተቀምጧል። ከላዩ የበረዶ ጠጠር አለ፤ ገና አልቀለጠም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ። አከራዬ እትዬ ባንችአምላክ ሳይከፍቱ፣ «በማርያም ቀን ልብስ ከምታጥብ ጋር አንድ ግቢ አላድርም፤ ሂጂ!» አሉኝ።

ትናንት ግሸን ማርያም ነበረች። እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ጋዋን ነው። ከማዋለጃ ክፍል ስወጣ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ደም ሆኗል። ዛሬ ጠዋት እሱን ለብሼ ልግባ? ሳፋውን ወደ ጓሮ ወስጄ አጠብሁት። በዓሉን ረስቼ አይደለም። ይፋግ አጠገብ ገበሬ ቤት ነው ያደግሁት፤ በማርያም ቀን እንደማይታረስ፣ እንደማይታጠብ ማንም አይነግረኝም። የሚያየኝ የለም ብዬ ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ጋዋን ደግሞ ከየት አይታይም! ሞኝ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ ወረደ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት ያለው የእትዬ ገብስ፣ ለአጨዳ ሳምንት የቀረው፣ መሬት ላይ ተኛ። የጎረቤቶቹም እንደዚያው።

ዝም ማለት ነበረብኝ መሰለኝ። በበሩ ስንጥቅ «እትዬ፣ በረዶ የሚወርደው ከደመና ነው፣ ከኔ ሳፋ አይደለም!» አልኋቸው። መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ሰማ። ባልናገር ይሻል ነበር። አይ፣ አይሻልም ነበር።

አሁን የክፍሌ ልጅ ስንዱ ዘንድ ነኝ። ከክፍል ተጋሪዋ ጋር ለሦስት አንድ አልጋ። የእሷም አከራይ የፈቀዱልኝ እስከ ሰኞ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ኮሌጃችን ዶርም የለውም። የከተማውን ክፍል ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቀድመው ይዘውታል። የሆስፒታሉ ልምምድ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ ሦስት ቀን ከልምምድ የቀረ ሰው ዓመቱን ይደግማል። እስከ ሰኞ ቤት ካጣሁ ወደ ይፋግ ነው። ከተመለስሁ አባቴ ሁለተኛ አይልከኝም። አውቀዋለሁ።

ከሥራ መልስ ያየኋቸው፦

ከሆስፒታሉ ጀርባ፤ ተይዟል።

ከገበያው በላይ፤ «ለወንድ ነው የምናከራይ። ሴት ውኃ ታበዛለች።»

ወደ ጋፋት መውጫ፤ እስከ ቅርብ ጊዜ በግ ያድርበት የነበረ ክፍል። ሽታው አለ፣ መስኮት የለውም። እሺ አልሁ! ሴትዮዋ ቁልፉን እያቀበሉኝ «ከዚህ በፊት የት ነበርሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። እጃቸው ተመለሰ። «አንቺ ነሽ እንዴ የበረዶዋ?»

በአንድ ቀን ስም ወጣልኝ።

ይዞኝ የሚዞረው ደላላ ከት ብሎ ሳቀ። «እህቴ፣ ላንቺስ ቆርቆሮው ወፈር ያለ ቤት ነው የሚፈለግ!» አለኝ። «ላንተም አፍ የሚከድን ቢገኝ» ብዬው መንገዴን ቀጠልሁ። ጥግ ስደርስ አለቀስሁ። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ፍራሼንና ድስቴን ላወጣ ሄድሁ። እትዬ ዛሬ ከፈቱልኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከማሳው ያመጡትን የገብስ ዛላ መዳፋቸው ላይ አሽተው አሳዩኝ፤ ገለባ ብቻ። አሳዘኑኝ። መናደዴን ሳልጨርስ አሳዘኑኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገ ሰንበቴ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ ተነሽና ‹በረዶውን ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ፣ ማሩኝ› በይ። ያኔ ክፍልሽ ክፍልሽ ነው» አሉኝ።

«አንቱ ራስዎ ያምኑታል?»

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሰዉ ያምናል። ‹ማንን አስገብተሽ ነው› እያለ ሊበላኝ ነው።»

ለአባቴ ደወልሁ። «ልጄ፣ ጎርፍ ነው፤ ጎንበስ ብለሽ አሳልፊው። በይና ትምህርትሽን ጨርሽ» አለኝ። አባቴ ለማንም ጎንበስ ሲል አይቼው አላውቅም።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ክፍሉ፣ ልምምዱ፣ ዓመቱ፣ ሁሉም በእሷ ይገኛል። ቀኑን ሙሉ በልቤ አልኋት። ጮክ ብዬ ልሞክራት ስል ግን «ያመጣሁባችሁ» ላይ አቆምሁ።

እሑድ፣ መስከረም 25

የስንዱን ነጠላ ለብሼ ሄድሁ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ተነሳሁ። እትዬ ባንችአምላክ በራሳቸው ምልክት ሰጡኝ፣ በርቺ እንደማለት። ነጠላውን አስተካክዬ ጀመርሁ።

«በበዓሏ ማጠቤ ጥፋት ነው። እሱን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፣ የሚያዙኝን እሰግዳለሁ። የታጠበው የወላድ ደም ነበር። ገብሳችሁ ስለጠፋ አዝኛለሁ። በረዶውን ግን እኔ አላመጣሁትም፤ አመጣሁ ብዬ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አልዋሽም።»

ጽዋው ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዲት ሴትዮ «አፏ ጦር ነው!» አለች። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጢማቸውን ዳሰሱ። «የማርያምን አምናለች። የበረዶውን ለባለቤቱ እንተውለት» አሉ።

«ገብሱንስ ለማን እንተወው አባ?» አለ ከኋላ አንድ ገበሬ። ጥቂቶች ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም።

ማንም ክፍል አለ አላለኝም። እትዬ በአጠገቤ ሲያልፉ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ማታ ሻንጣዬን አሰርሁ። ስንዱ አታናግረኝም፤ አንድ ቃል እንኳ ማለት አቃተሽ ብላ ተቆጥታለች። ምናልባት ልክ ናት።

ሰኞ፣ መስከረም 26

ጠዋት የሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ሴት ጠራችኝ። የሺ ትባላለች፤ ትናንት ሰንበቴው ላይ ጠላ ስትቀዳ አይቻታለሁ። ኩዌት አምስት ዓመት ሠርታ ተመልሳ ሁለት ክፍል ቤት ጀምራለች።

«አንደኛው ወለሉ አፈር ነው፣ መብራት አልገባለትም። ታማርጫለሽ?»

«አላማርጥም።»

«ኩዌት የሰው ቤት ስሠራ የተሰበረው ሁሉ በኔ ነበር የሚላከክ። ‹አዎ› እያልሁ ነው የኖርሁት። ትናንት ስትናገሪ ጠላውን መቅዳት ትቼ ሰማሁሽ።» ቀጥላ ግን ሳቅ አለች፤ «በበዓል ግን እንዳታጥቢ፣ እኔም ሰው እፈራለሁ። ጎረቤት ከተነሣብኝ እንጃ። አንድ ወር እንየው።»

አንድ ወር። ልምምዱ የሚፈልገው ሦስት ሳምንት ነው።

ይህን የምጽፈው አዲሱ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። በዓሏን ሁለተኛ አልሽርም፤ ለራሴ ምዬአለሁ። ወሩ ሲያልቅ የት እንደምገባ አላውቅም። አንዱን ብቻ አውቃለሁ፤ ላላደረግሁት ነገር «አጠፋሁ» አልልም። ቤት ባጣም፣ አባቴም ቢለምነኝ፣ ከእንግዲህ አልልም።