የሰናይት ትምህርትና አሥራ ስድስት ጊጋ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ቢቸና

ዛሬም ደረቀ። የት/ቤቱ ላፕቶፕ። የሰናይትን ቪዲዮ ከልብ ሥዕል ጋር ላጋጥም ስል እጇ አየር ላይ ቀረ። ጠበቅሁ። ስክሪኑ ነጣ። አጥፍቼ አስነሣሁት፤ የሠራሁት የለም። ደብተሬ፣ ባዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ሐሳባችን ቀላል ነበር እኮ። ታናሽ እህቴ ሞጣ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል ረዳት መምህርት ናት፤ እሷም አትሰማም። እሷ ሳይንሱን በምልክት ቋንቋ ታስረዳለች፤ እኔ የባዮሎጂ አስተማሪዋ የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል ሠርቼ አቀናብራለሁ፤ ልጆቹ በክፍሉ ቴሌቪዥን ያያሉ። እስካሁን አንድም ትምህርት አልጨረስንም።

ደጉ ነገር፣ የወላጆቹ መዋጮ ሞልቷል። ላፕቶፕ ይገዛል። አንድ ብቻ። ብሳሳት ደግሜ የምለምንበት ፊት የለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሰናይት ሞጣ አንድ ሱቅ ያየችውን ላፕቶፕ ፎቶ አንሥታ ላከች። ብርማ፣ ስስ። ወዳዋለች። ራሙ ስምንት ጊጋ ነው፤ ያንሳል። ለባለሱቁ ለጌትነት ደወልሁ። «በኋላ ራም እንጨምርልሻለን እታለም፣ ምን ችግር አለው?» እፎይ አልሁ።

ር/መምህራችን ፎቶውን አይተው፣ 512 ጊጋ እያለው ሌላ ሚሞሪ ምን ያደርግልሻል አሉኝ። 512ቱ ጎተራው ነው፣ ራሙ አውድማው ነው አልኋቸው፤ ጎተራው ቢሰፋ አውድማው ከጠበበ ሥራ አይሄድም። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ሳቁ።

ምሽት

ኔትወርክ መጣ። ከሥሩ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ከፎቶው አጉልቼ ፈለግሁ። የአምራቹ ገጽ፦ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ መጨመር አይቻልም። ደጋግሜ አነበብሁ። ስምንት ሆኖ ተወልዶ ስምንት ሆኖ የሚሞት!

ለሰናይት ጻፍሁላት። መልሷ፦ አንቺ መቼም ምክንያት አታጪም። ስልኳን ዘጋች።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

እንደዘጋች ነው። ተናደድሁ። ከዚያ አዘንሁ። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ጆሮዋን ከወሰደው ወዲህ ሰው ሁሉ «ቆይ፣ በኋላ» እያላት ነው ያደገችው። እኔም ስንት ጊዜ ብያታለሁ። የባለሱቁን «በኋላ» ደግሞ ላቀብላት ነበር።

ነገ መንገዱ ሰላም ነው ተብሏል። እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ሞጣ

ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈነዳ። ቢሆንም ደረስሁ። ሰናይት መናኸሪያ አልመጣችም። ሱቁ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታለች። አላናግርሽም ማለቷ ነው።

ጌትነትን ጀርባውን ክፈተው አልሁት። አመነታ። የሚጨመርበትን ካሳየኸኝ አሁኑኑ እከፍልሃለሁ ስለው ፈታው። ሦስታችንም አጎነበስን። መሰኪያ የለም። ትናንሽ ጥቁር ቺፖች ቦርዱ ላይ ተጣብቀዋል፣ በቃ። ጌትነት ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እውነቴን ነው፣ እንደሌሎቹ የሚጨመር መስሎኝ ነበር።» አመንሁት።

ሰናይት ቦርዱን ትክ ብላ አየች። እጆቿ ከነጠላው ወጡ። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ፦ ይሄን መልሰው፣ ሌላ አምጣ። አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ያመጣው ጥቁር ነው፤ ወፍራም፣ ያገለገለ፣ ከክብደቱ ክንድ የሚያስረዝም። ሲከፈት ሁለት መሰኪያ አለው፤ በአንዱ ስምንት ጊጋ ተሰክቷል፣ ሌላው ባዶ። ጌትነት ሠላሳ ሁለት እናድርገው አለ። እኔ ዘንድሮ ሳላይ አላምንም፤ ስልኬን አወጣሁ። አምራቹ የሚለው እስከ አሥራ ስድስት ነው። ለካ መሰኪያ ስላለ ብቻ ያሻንን አይቀበልም፤ ቦርዱና ፕሮሰሰሩ የሚችሉት ልክ አላቸው። አሥራ ስድስት ይበቃን ይሆን? ይሞከር አልሁ። ሌላ ስምንት ሰካበት። ሲነሣ 16 አለ። ከፍላሼ ማቀናበሪያውን ጭኜ ቪዲዮውን ከፈትሁ፤ የልቡን ሥዕል ከጎኑ። የሰናይት ጡጫ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ልቡም አብሮ። አልደረቀም!

ሰናይት ጠረጴዛውን በመዳፏ ደበደበችው። ጌትነት ደነገጠ። ደስታዋ ነው አልሁት። ገዛን።

እሑድ፣ ኅዳር 7፤ ሞጣ

እማዬ ቤት አድሬ፣ ላፕቶፑን ቦርሳዬ ውስጥ ልከት ስል ሰናይት እጄን ያዘችኝ። እዚህ ይቀራል አለች። ማቀናበሩን አስተምሪኝ፤ ልጆቹ የት ላይ ግር እንደሚላቸው የማየው እኔ ነኝ፤ አንቺ ሥዕሉን ላኪ።

ከፋኝ። አልዋሽህም ደብተሬ፣ ሥራው የኔ መስሎኝ ነበር። እማዬ ምን እየተባባላችሁ ነው ብላ ጠየቀች። ነገርኋት። «ታዲያ እውነቷን አይደል?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እስከ ምሳ አስተማርኋት። እኔ የተመካሁበትን ቁራጭ አይታ ራሷን ነቀነቀች። ሥዕሉ ቶሎ ያልፋል፤ ልጆቹ እጅም ሥዕልም እኩል ማየት አይችሉም። አንዱ ቆሞ ይጠብቅ። ቆረጠችው። ስንት ሳምንት ስለፋበት ይሄ አልታየኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ቢቸና

ር/መምህሩ ላፕቶፑስ አሉኝ። ሞጣ፣ ባለቤቱ ጋ አልሁ። ለሥዕል ለሥዕል ያ አሮጌው አያንስም።

ከሰዓት አጭር ቪዲዮ ገባልኝ። ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ፊት። አንዲት ልጅ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ዞራ የጎረቤቷን ደረት ነካች፤ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሰናይት ከሥሩ ጽፋለች፦ ስለ ሳንባ እየጠየቁኝ ነው፤ ሥዕሉ መቼ ይደርሳል?

ለሰኞ ብያታለሁ። መብራት ሳይሄድ ልጀምር።