ስለ ታገደው የጎርፍ ጥሩምባችን

ነሐሴ 2 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአካባቢያችን የአደጋ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ዝናብ ለማያስገባው ቢሮዎ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እኛ ከእታለማሁ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እታለማሁ ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ሐምሌ 26 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጥሊሊ ገበያ ስትመለስ ጭልጭሊት ወንዝ ወሰዳት። በበጋ ዶሮ የምትሻገረው ወንዝ ነው።

እርስዎ ለአገራችን እንግዳ ስለሆኑ ልማዳችንን ላያውቁት ይችላሉ በሚል በጎ ግምት ላስረዳ። ዝናቡ የሚጥለው እላይ ተራራው ላይ ነው፤ መሻገሪያው ላይ ገና ፀሐይ እያለ ጎርፉ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከተፍ ይላል። ስለዚህ ከአባቶቻችን ጀምሮ ከላይኛው መንደር አንድ ሰው ሰማይ ይጠብቃል፤ ደመናው ጠቁሮ ተራራው ላይ ሲቀመጥና ነጎድጓዱ አላቋርጥ ሲል የእድሩን ጥሩምባ ሦስት ጊዜ አጭር አጭር አድርጎ ይነፋል፤ ገበያተኛውም ውሃው እስኪያልፍ ከማዶ ቁጭ ይላል። ለቀብር ሲሆን አንዴ፣ ረጅም ተደርጎ ይነፋል። ይህን ሕፃን እንኳ አይሳሳተውም። የዛሬው ጠባቂ አቶ ክንዴ ናቸው። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ባለፈው ሰኔ አቶ ክንዴ ጥሩምባውን ሲነፉ እርስዎ በቀበሌው አዳራሽ ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ጥቅም ንግግር እያደረጉ ነበር። ሕዝቡም ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ልጁንና ከብቱን ሊሰበስብ ትቶዎት ወጣ። የዚያን ዕለት ደመናው ወደ ሌላ ዞረ፤ ጎርፍ አልመጣም። በሳምንቱ «ያለ ሙያ ፈቃድ የሚሰጥ ትንበያ ሕዝብን ያሸብራል» ብለው ጽፈው፣ ጥሩምባው ለቀብር ብቻ እንዲነፋ፣ ይህን የተላለፈም በሕግ እንዲጠየቅ አዘዙ። ለባዶ ወንበር መናገር ምን ያህል እንደሚያስቀይም ስለምረዳ ቁጣዎ አልገረመኝም።

2ኛ. በጥሩምባችን ምትክ የሰጡን ትንበያ «በአንዳንድ አካባቢዎች ከቀላል እስከ ከባድ መጠን ያለው ዝናብ ሊጥል ይችላል» ይላል። ሐምሌን ሙሉ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ትንበያ ተሳስቶ ስለማያውቅ እንኳን ደስ ያለዎት። የትኛው ተራራ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ወንዝ የሚለውን ለፈጣሪ መተውዎ ደግሞ መንፈሳዊነትዎን ያሳያል።

3ኛ. የዝናብ መለኪያው ቢሮዎ ጓሮ፣ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለበት መሃል ቆሟል። ከቅጠል የተረፈውን እየለካ ክረምቱ ከመደበኛ በታች ነው ሲል ከረመ። እሱም እንደ አለቃው ጥላ ይወዳል።

4ኛ. የዚያች ቅዳሜ የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ከበላይ አካል የደረሰዎት ሐሙስ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ባሕር ዳር ለስልጠና ሄደው፣ ማኅተሙም መሳቢያዎ ውስጥ ተቆልፎበት ስለነበር፣ ማስጠንቀቂያው ሰኞ ሐምሌ 28 ቀን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ በሚገባ ታትሞ ተለጠፈ። እህቴ ከተቀበረች አንድ ቀን ሆኗት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ ለእርስዎ መተረት ድፍረት ይሆንብኛል። ስልጠናው ስለ ምን እንደነበር ስጠይቅም ስለ ፈጣን የመረጃ አሰጣጥ ነው አሉኝ።

አምስተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አቶ ክንዴ ደመናውን አይተው ጥሩምባውን ከግድግዳ አወረዱ። ያኔ ደብዳቤዎ ትዝ አላቸው። ሰባ ዓመት ሙሉ የፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰው ናቸውና ፈሩ፤ ጥሩምባውን አስቀምጠው በእግራቸው ወደ ወንዙ ሮጡ። ሲደርሱ እታለማሁ መሃል ውሃ ገብታ ነበር። ስሟን ጠሩ፤ አልሰማችም። በማግስቱ ያንኑ ጥሩምባ፣ አንዴ፣ ረጅም አድርገው፣ በፈቀዱልን መሠረት ነፉላት። ትእዛዝዎ በአንድ ነጥብ እንኳ አልተጣሰም። ሽማግሌው ግን ከዚያ ወዲህ እህል በአፋቸው አይዞርም፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። ጥፋተኛው እሳቸው እንዳልሆኑ ደጋግሜ ብነግራቸውም አልሰማ ስላሉኝ ለጥፋተኛው መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ሦስት መቶ ሰው ወንዙን ይሻገራል። እድራችን ትናንት ተሰብስቦ ጥሩምባው እንዲነፋ ወስኗል፤ የምነፋውም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም፤ የሚያስረኝን ሰው ሲልኩ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንዲሆን ለመለመን ነው። መሻገሪያው አደገኛ ነው፤ እሱም እህት ይኖረዋል።

ስልጠናዎ ሳይቋረጥ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ እግርዎም ውሃ ሳይነካው ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ ከመቀመጫዎ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
አስማረ
የእድሩ ጸሐፊ፣ የሟች ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእድራችን መዝገብ የሞት ምክንያት የሚሞላበት ቦታ አለ። ሌሎቹ «ጎርፍ» ተብሎ ይጻፍ አሉ። ብዕሩ በእኔ እጅ ስለሆነ ጥሩምባውን ያገዱበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጻፍኩበት።