የመጠጥ ሽታ አልነበረም

ጥር ፲፩ ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ባልሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ። ብደውል ብደውል ስልክ አላነሳ ስላልሽኝ ነው መጻፌ። ፊት ለፊት ብንሆንማ አንደበቴ ይተሳሰር ነበር።

ሠርግሽ ላይ አዋረድኩሽ። ያ ሁሉ እንግዳ እያየኝ ስንገዳገድ በነጭ ቀሚስሽ መጥተሽ ትንፋሼን ስታሸቺ ፊትሽ እንዴት እንደተለዋወጠ አይቻለሁ። «አባዬ፣ ዛሬም?» አልሽኝ። ከዚያም ዘበኛውን «አውጣልኝ» አልሽው። አልፈርድብሽም። ሰክሬ ስመጣ በር ስትከፍችልኝ ያደግሽ ልጅ ነሽ። «ጠብታ አልቀመስኩም» ልልሽ ነበር፤ እንደ ሯጭ እያለከለክሁ ቃል ከየት ይምጣ? እውነቱን ልንገርሽ፣ ራሴንም ተጠራጠርኩ።

ደጅ ሳስመልስ የደረሱልኝ የባልሽ እናት ናቸው፤ እኒያ እንደዚያ የፈራናቸው ሴትዮ። ጎንበስ ብለው አሸተቱኝና «ይሄ መጠጥ አይደለም፤ እህቴ ስኳሯ ሲነሳባት እንዲህ ነበር የምትሸተው። ስኳር አለብዎት?» አሉኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። እጄን ይዘው በመኪናቸው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሐኪሟ «ደምዎ አሲድ ሆኗል» አለችኝ። ዕድሜ ልኩን የመኪና ባትሪ ሲጠግን ለኖረ ሰው! «እንግዲያው ቻርጅ አድርጊኝ» ብላት ሳቀች። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት በስኳሩ መጠቀም አቅቶት ስብ ያነዳል አለችኝ፤ አሲዱም ሽታውም የዚያ ነው። ማለክለኬም አሲዱን በትንፋሽ ለማስወጣት ነበር።

«ኢንሱሊኑን ቶሎ ስጪኝ» አልኳት።

«አሁን ብሰጥዎ ልብዎ ሊቆም ይችላል» አለችኝ። «ልብ እንዲመታ የሚያደርገው ጨው፣ ፖታሲየምዎ፣ በሽንትና በትውከት አልቋል። ኢንሱሊን ደግሞ ደምዎ ውስጥ የቀረውንም ጥቂት ወደ ሴሎቹ ያስገባዋል። መጀመሪያ እሱን እንተካ።»

በደም ሥሬ እየተንጠባጠበ ተተካ፤ ደምም እየቀዱ እየለኩ ኢንሱሊኑን ቀጠሉልኝ። ተረፍኩ።

ነርሷ የኢንሱሊን መርፌዬን ለምን እንዳቋረጥኩ ስትጠይቀኝ «ረስቼ ነው» አልኳት። አንቺም የሚጠይቅሽ ካለ እንዲሁ በይ። አማቶችሽ «በሽታው በዘር ይተላለፋል» ብለው እንዳይሸሹሽ ፈርተሽ «እነሱ ቤት መርፌውን እንዳያዩብህ» አልሽኝ እንጂ «አትወጋ» አላልሽኝም። እነሱ ዘንድ ልሰነብት ስመጣ መርፌውን ቤቴ ትቼ የመጣሁት ሞኙ እኔ ነኝ። ማፈር ያለብኝም እኔው ነኝ። አንቺ በምን ዕዳሽ ትደበቂኛለሽ? ስልኩን አንሺ፣ እናቴ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በሠርጉ ሰሞን የውሃ ጠርሙስ ከእጅሽ አልለይ ሲል፣ እየከሳሽም ቀሚስሽ ደጋግሞ በሰፊ ሲጠበብ አይቻለሁ። ሙሽራ ናት ብዬ ዝም አልኩ። ሄደሽ ተመርመሪ። ባልሽንም ይዘሽ ግቢ፤ ደጅ ላይ አታስቀምጪው።

ጤናሽን አምላክ ይጠብቅልኝ፤ ትዳርሽ የሳቅ ይሁን።

ሁሌም የሚወድሽ፣
አባትሽ